ቴሌቪዥን ያሰመረው ወሰን

ኦገስት 4 ቀን 2023 ዓርብ ጠዋት፣ ዘጠኝ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች አንድ ውል ይፈርማሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓክ-12 የሚባለውና በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የኮሌጅ ስፖርት ኮንፈረንስ በዚህ ውል ጨዋታዎቹን በአፕል በኩል ሊያስተላልፍ ነበር። ፊርማው ቀረ። ቀኑ ሳያልፍ ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ደግሞ ወደ ቢግ-12 መሄዳቸው ታወቀ። ከዘጠኙ አራት ብቻ ቀሩ።

የሚገርመው ወቅቱ ነው። የውድድር ዘመኑ ገና አልተጀመረም። የተሸነፈ የለም፤ ነጥብ አንሶት የወረደም የለም። ሁለት የዓለም ጦርነቶችን ያለፈ ማኅበር በክረምት ዕረፍት መካከል፣ ኳስ ሳይነካ ፈረሰ። ያፈረሰው ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ግን የአንድ ዓርብ ሥራ አልነበረም፤ ስሌቱ የጀመረው ከአርባ ዓመት በፊት፣ በዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት ውስጥ ነበር።

እዚህ ፉትቦል የምንለው ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው፣ የራስ ቁር ደፍተው የሚጋፉበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። የባለሙያዎቹ ቡድኖች ዋና ቀን እሑድ ነው፤ ቅዳሜ የኮሌጆቹ ነው። ግዝፈቱን ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107,000 በላይ ተመልካች ይይዛል፤ በአሜሪካ በወንበር ቁጥር መቶ ሺህ የሚያልፉት ስታዲየሞች ሁሉ የኮሌጅ ቡድኖች ሜዳ ናቸው። ከእነዚህ ቅዳሜዎች የሚገኘው ገቢ የዋናተኛውንም፣ የሯጩንም፣ የመረብ ኳስ ተጫዋቿንም ወጪ ይሸፍናል። ስለዚህ የፉትቦል ቡድኑ የሚሄድበት አቅጣጫ የሌሎቹንም መንገድ ይወስናል።

የእኛን አገር ዓይነት ፌዴሬሽን እዚያ መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው። ኤንሲኤኤ የተባለው ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ ደንብ ያወጣል፣ ማን ለጨዋታ ብቁ እንደሆነ ይወስናል። ማን ከማን ጋር ይጫወታል፣ ገቢው እንዴት ይከፋፈላል የሚለው ጉዳይ ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ተሰባስበው ባቋቋሟቸው ኮንፈረንሶች እጅ ነው። ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለውን በ1896 ቺካጎ ላይ የመሠረቱት ሰባት የመካከለኛው ምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ፓክ-12 ሆኖ ያደገውን ደግሞ በ1915 ፖርትላንድ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው የመሠረቱት አራት ናቸው፦ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ኦሪገን፣ እንዲሁም የዛሬው ኦሪገን ስቴት። የአባልነቱ መለኪያ ግልጽ ነበር። ቡድኑ በባቡር ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ ለትምህርት ሰዓቱ የሚመለስበት ርቀት መሆን አለበት። ጎረቤት ከጎረቤቱ ይጫወታል፤ ከጎረቤት ጋር ስለሆነም ጠቡ የሚጥም ይሆናል። ኦሪገንና ኦሪገን ስቴት ከ1894 ጀምሮ ይፎካከራሉ።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ዩኒቨርሲቲዎቹ የተሰማቸው ስጋት ነበር። ጨዋታውን ሳሎኑ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ለምን ትኬት ይገዛል? ኤንሲኤኤ በ1951 የስርጭቱን ቁጥጥር በእጁ አስገባ። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ከኤቢሲ ቴሌቪዥን ጋር የራሱን ውል ይዞ ሲነሳ፣ ከማኅበሩ እንደሚባረርና ሌሎች እንደማይጫወቱት ተነግሮት አጎነበሰ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል በየሳምንቱ ስንት ጨዋታ እንደሚተላለፍ፣ አንድ ቡድን ስንት ጊዜ እንደሚታይና ስንት እንደሚከፈለው የሚወስነው ኤንሲኤኤ ሆነ።

በ1981 የታየውን አንድ ቅዳሜ እንውሰድ። ኦክላሆማና ሳውዘርን ካሊፎርኒያ፣ ሁለቱ ኃያላን፣ ሲገናኙ ጨዋታው ከ200 በላይ በሆኑ ጣቢያዎች ተላለፈ። ሲታደልና አፓላቺያን ስቴት የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ቡድኖች ያደረጉት ጨዋታ በአራት ጣቢያዎች ብቻ ታየ። አራቱም ቡድኖች እኩል ተከፈላቸው። ይህ መረጃ በኋላ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ለትንሹ ፍትሕ የሚመስለው ለትልቁ ዘረፋ ሆኖ እንደሚታየው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳያል።

ኦክላሆማና ጆርጂያ ከሰሱ። በጁን 1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው፤ የኤንሲኤኤ የቴሌቪዥን ዕቅድ ውድድርን በማነቅ የፀረ-ሞኖፖሊ ሕጉን ይጥሳል ተባለ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ነበሩ። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት በወጣትነታቸው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ኮከብ ነበሩ፤ ማለትም ከዘጠኙ ዳኞች መካከል ጨዋታውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው ናቸው ዕቅዱ ይጽና ያሉት። የዩኒቨርሲቲ ስፖርት እንደ ተራ ንግድ ሊታይ አይገባም የሚል ነበር መከራከሪያቸው። በሕጉ ዓይን ብዙኃኑ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ፍርዱ ሳያየው ያለፈው ግን የነበረው በር ሲነሳ በምትኩ የሚቆም ሌላ በር አለመኖሩን ነው።

መጀመሪያ ላይ ነፃነቱ ያተረፈላቸው አይመስልም ነበር። ሁሉም ጨዋታውን ይዞ ገበያ ሲወጣ ዋጋ ወደቀ። ትርፉ ለብቻው ተፈላጊ ለሆነ ነበር። የካቶሊኮቹ ዩኒቨርሲቲ ኖትር ዳም በ1990 ከሌሎቹ የጋራ ድርድር ወጥቶ ከኤንቢሲ ጋር ለአምስት ዓመት የ38 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። ቢግ ቴን ደግሞ ፔን ስቴትን አስገባ። የደቡቡ ኮንፈረንስ ኤስኢሲ አርካንሶንና ሳውዝ ካሮላይናን ጨምሮ 12 ሞላ። ለምን 12? ኮሚሽነሩ ሮይ ክሬመር በኤንሲኤኤ ደንብ ውስጥ ለትናንሽ ኮንፈረንሶች ታስቦ የተጻፈች አንዲት አንቀጽ አግኝተው ነበር፤ 12 አባላት ያሉት ኮንፈረንስ ለሁለት ተከፍሎ በመጨረሻ የዋንጫ ጨዋታ ማድረግ ይችላል ትላለች። የመጀመሪያው የዋንጫ ጨዋታ በ1992 በርሚንግሃም ላይ ተደረገና አላባማ ፍሎሪዳን 28 ለ21 አሸነፈች። ለቴሌቪዥን የሚሸጥ አንድ ትልቅ ቅዳሜ ከምንም ተፈጠረ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ፕሪሚየር ሊግ የስካይን ገንዘብ ይዞ ሲጀምር እነ ክሬመር አሜሪካ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

ከዚህ ዙር በጣም የተጎዳው የቴክሳስ ማኅበር ሳውዝዌስት ኮንፈረንስ ነው። አርካንሶ ስትወጣ አባላቱ ሁሉ የአንድ ግዛት ልጆች ሆነው ቀሩ፤ የአንድ ግዛት ተመልካች ብቻ ያለው ኮንፈረንስ ደግሞ ለቴሌቪዥን ገበያ ጠባብ ነበር። በ1996 ፈረሰ። ቴክሳስ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ቤይለርና ቴክሳስ ቴክ ከቢግ ኤይት ኮንፈረንስ ጋር ተቀላቅለው ቢግ-12ን ፈጠሩ። ቤይለርና ቴክሳስ ቴክ የገቡት በፖለቲካ ግፊት ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ የወቅቱ ገዥ አን ሪቻርድስ የቤይለር ምሩቅ፣ ምክትላቸው ቦብ ቡሎክ ደግሞ የሁለቱም ምሩቅ መሆናቸው ወሬውን አላዳከመውም። ራይስ፣ ቲሲዩ፣ ሂዩስተንና ኤስኤምዩ ደጅ ቀሩ። እነዚህን አራት ስሞች ያዙልኝ፤ አንዱ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ይመለሳል።

እስካሁን ያየነው ገንዘብ ጨዋታ ከሚያሳዩ ጣቢያዎች የሚገኝ ነበር። በ2007 የቢግ ቴን ኮሚሽነር ጂም ዴላኒ ሌላ ነገር አመጡ። ኮንፈረንሱ ከፎክስ ጋር ሆኖ የራሱን ቻናል ከፈተ። ቻናሉ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን አፓላቺያን ስቴት፣ ያ በአራት ጣቢያ ይታይ የነበረ ትንሽ ቡድን፣ ሚሺጋንን በገዛ ሜዳው 34 ለ32 አሸንፎ አገር ጉድ አሰኘ። ጨዋታው የተላለፈው በአዲሱ ቻናል ብቻ ነበር፤ ብዙ የኬብል ደንበኞች ደግሞ ቻናሉ አልነበራቸውም። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። የኬብል ደንበኛ ቻናሎችን በጥቅል ነው የሚገዛው። የኬብል ኩባንያው ለቻናሉ ባለቤት በየወሩ በደንበኛ ቁጥር ይከፍላል፤ ደንበኛው ቻናሉን ከፍቶት አያውቅም ብሎ የሚቀነስ ነገር የለም። ኮንፈረንሱ አባል ዩኒቨርሲቲ ባለው ግዛት ውስጥ በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ውጭ ዝቅ ይላል። እንግዲህ አንድ ዩኒቨርሲቲ አባል ሲሆን ይዞ የሚመጣው ቡድን ብቻ አይደለም፤ በግዛቱ ያለውን የኬብል ደንበኛ ሁሉ ነው።

በ2012 ሜሪላንድና ራትገርስ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ ሲያስታውቁ ብዙዎች ተገረሙ፤ ምክንያቱ ግን ይህ የኬብል ሒሳብ ነው። ራትገርስ በ1869 የመጀመሪያውን የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ ከፕሪንስተን ጋር ያደረገ ባለ ታሪክ ነው፤ በሜዳ ላይ ግን ከኃያላኑ ተርታ የሚቆጠር አልነበረም። የነበረው አድራሻ ነው፦ ኒው ጀርሲ፣ ከኒው ዮርክ አፍንጫ ሥር። ሜሪላንድ ደግሞ የዋሽንግተን ዲሲ ጎረቤት ነው። የዩኒቨርሲቲው ከተማ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሐበሻው ከሚበዛበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል። በዚያ ሰፈር ኬብል ያስገባ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ወሬ ስለ አርሴናል ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ቻናሉ በጥቅሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ሳያውቀው ለቢግ ቴን አባላት ለኔብራስካና ለአዮዋ ያዋጣ ነበር።

ሜሪላንድ ቤቱን የለቀቀው በጥጋብ አልነበረም። ኤሲሲ የተባለውን የምሥራቅ ጠረፍ ኮንፈረንስ በ1953 ከመሠረቱት አንዱ ነው። ዳሩ ግን የስፖርት ክፍሉ ዕዳ ውስጥ ገብቶ በ2012 ሰባት ቡድኖችን ዘግቷል። ኤሲሲ የ52 ሚሊዮን ዶላር መውጫ ክፍያ ጠየቀ፣ ተካሰሱ፣ በመጨረሻ በ31 ሚሊዮን ገደማ ተስማሙ። ያንን ያህል ከፍሎ መሄድ ያዋጣል ማለት፣ የሚጠብቀው ገንዘብ ምን ያህል እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ ኬብሉ መሟሸሽ ጀመረ። ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ቻናል በ2011 አካባቢ 100 ሚሊዮን ያህል ቤት ይገባ ነበር፤ በ2023 ወደ 70 ሚሊዮን ወርዷል። ሰው ፊልሙንና ተከታታይ ድራማውን በኢንተርኔት ማየት ለመደ። ጣቢያዎቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሰው በሰዓቱ ተቀምጦ፣ ማስታወቂያውንም ሳይዘል የሚያየው የቀረው ነገር ስፖርት ነው። ስሌቱ ተገለበጠ። የቤት ቁጥር ዋጋ ሲቀንስ፣ ሚሊዮኖችን በአንድ ጊዜ ስክሪን ፊት የሚያስቀምጥ የሁለት ትላልቅ ስሞች ግጥሚያ ዋጋው ናረ። ራትገርስን የጠቀመው ሒሳብ ባረጀ ጊዜ አዲሱ ሒሳብ ቴክሳስን፣ ኦክላሆማን፣ ሳውዘርን ካሊፎርኒያን ፈለገ።

በጁላይ 2021 ቴክሳስና ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ እንደሚሄዱ ተረጋገጠ፤ ኤስኢሲ ከወራት በፊት ለትልቁ ጨዋታው በዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያስገኝ የአሥር ዓመት ውል ከኢኤስፒኤን ጋር ፈርሞ ነበር። በጁን 2022 የፓክ-12 አባላት የነበሩት ሳውዘርን ካሊፎርኒያና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን መሄዳቸውን ገለጹ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቢግ ቴን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ተዋዋለ። ዩሲኤልኤ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የስፖርት ክፍሉ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አጠራቅሞ ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ እንዲሄድ ፈቀደለት፣ ግን ጥሎት ለሄደው እህት ዩኒቨርሲቲ ለበርክሌይ ገንዘብ እንዲከፍል ወሰነበት። በኋላ የተቆረጠው በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። የአንድ ቤት ልጆች ተፋተው ቀለብ ተቆረጠባቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደዚያ ዓርብ መመለስ እንችላለን። በሳውዘርን ካሊፎርኒያና በዩሲኤልኤ መሄድ ሎስ አንጀለስን ያጣው ፓክ-12 ሰፊውን ገበያውን አጥቷል። ቀደም ሲልም የራሱን ቻናል ያለ አጋር፣ ሙሉ በሙሉ በራሱ ባለቤትነት ከፍቶ ዳይሬክቲቪን ከመሰለ ትልቅ አከፋፋይ ጋር ሳይስማማ ዓመታት አልፈዋል። በ2022 ኢኤስፒኤን ለእያንዳንዱ አባል በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አቅርቦ፣ ፕሬዚዳንቶቹ 50 እንደጠየቁ በስፋት ተዘግቧል። በዚህ መሐል የቢግ-12 አዲሱ ኮሚሽነር ብሬት ዮርማርክ ተራቸውን ሳይጠብቁ ቀድመው ገበያ ወጥተው ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ተዋዋሉ። ጣቢያዎቹ በጀታቸውን ለሌላው አወጡት። ለፓክ-12 የቀረው የአፕል ነው፤ በአባል 23 ሚሊዮን ገደማ መነሻ፣ ሌላው ደንበኛ ሲበዛ የሚጨመር። ገንዘቡ ብቻ አይደለም ያስፈራቸው። ጨዋታቸው ከተለመደው ቴሌቪዥን ጠፍቶ በክፍያ ብቻ የሚታይ ሊሆን ነው። ኦሪገንና ዋሽንግተን በቢግ ቴን ከነባሮቹ ግማሽ ያህል ድርሻ ተቀብለው ለመሄድ የመረጡት ከዚህ አንጻር ነው። ግማሹ እንኳ 30 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

ከቀሩት አራት ሁለቱ፣ ስታንፎርድና በርክሌይ፣ ኤሲሲን ተቀላቀሉ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ልጆች በአትላንቲክ ጠረፍ ስም በተሰየመ ኮንፈረንስ ውስጥ ገቡ፤ ያውም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የድርሻቸውን 30 በመቶ ብቻ ሊወስዱ ተስማምተው። ከእነሱ ጋር የገባው ሦስተኛ ኤስኤምዩ ነው፣ በ1996 ደጅ ከቀሩት አንዱ። ኤስኤምዩ ለዘጠኝ ዓመት ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ ምንም ላይወስድ ተስማማ። ሀብታም ምሩቃኑ በአንድ ሳምንት 100 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው ክፍተቱን ደፈኑለት። ቲሲዩና ሂዩስተን ቀደም ብለው ቢግ-12 ገብተዋል። ራይስ ዛሬም ደጅ ነው።

ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት የሚወስዳቸው አላገኙም። መቀመጫዎቻቸው ኮርቫሊስና ፑልማን ትናንሽ ከተሞች ናቸው፤ የቴሌቪዥን ገበያቸው ጠባብ ነው፤ ቡድናቸው በዚያ ዓመት ከሄዱት ከአንዳንዶቹ የተሻለ ቢጫወትም ስሌቱ ውስጥ የሚገባ አልሆነም። የቀራቸው አንድ መሣሪያ ነበር፦ ፍርድ ቤት። ሊሄዱ የተዘጋጁት አባላት በቦርዱ ውስጥ ድምፅ ሊኖራቸው አይገባም ብለው ከሰሱ። ከፑልማን ብዙም በማትርቀው በኮልፋክስ ከተማ የተቀመጠው ዳኛ በኖቬምበር 2023 ለሁለቱ ፈረደላቸው። የኮንፈረንሱን ስም፣ ንብረትና ካዝና ወረሱ፤ ሁለት አባላት ያሉት ፓክ-12 ሆነው በ2024 ተጫወቱ። ከ2026 ጀምሮ ቦይሲ ስቴትን፣ ሳንዲዬጎ ስቴትንና ሌሎችን ይዘው እንደገና ለመቆም አዲስ ማኅበር አሰባስበዋል።

የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። በኤፕሪል 2021 አሥራ ሁለት የአውሮፓ ክለቦች ሱፐር ሊግ እናቋቁማለን ሲሉ የእንግሊዝ ደጋፊ አደባባይ ወጣ፤ ዕቅዱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ተናደ። የአሜሪካ ደጋፊ ለምን ዝም አለ? ዝም አላለም፤ አኩርፏል፣ ተሳድቧል። ግን ነገሩ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የወሰደው። በአንድ ሌሊት 12 ክለብ ሳይሆን በሠላሳ ዓመት አንድ ሁለት እየሆኑ ነው የሄዱት፤ በየዙሩም የሄደው ቡድን ደጋፊ ደስ ይለዋል፣ የሚያለቅሰው የቀረው ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው ባይ ነኝ። ሱፐር ሊግን ያስደነገጠው ደጋፊው ብቻ አልነበረም፤ ዩኤፋና የየአገሩ ፌዴሬሽን እናባርራችኋለን ማለት ይችሉ ነበር፣ መንግሥትም ሕግ አወጣለሁ ብሏል። በአሜሪካ እናባርራለን ሊል የሚችለው ብቸኛ አካል፣ ኤንሲኤኤ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን ሥልጣን በ1984 አጥቷል። የፉትቦሉ ብሔራዊ ዋንጫ እንኳ በእሱ እጅ አይደለም፤ ኮንፈረንሶቹ ራሳቸው ያስተዳድሩታል፣ ለኢኤስፒኤንም በስድስት ዓመት 7.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠውታል።

ጣቢያዎቹን ብቻ መውቀስም ልክ አይመስለኝም። ፊርማው የፕሬዚዳንቶቹ ነው፤ ስለ ተማሪ ደህንነት ንግግር ሲያደርጉ የምንሰማቸው ምሁራን። የዩሲኤልኤ ሶፍትቦል ተጫዋች ለአንድ የኮንፈረንስ ጨዋታ አገሪቱን አቋርጣ ኒው ጀርሲ ድረስ ልትበር ትችላለች፤ በኮንትራቱ ላይ የሷ ስፖርት ዋጋ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ተጫዋቾቹ ለረጅም ጊዜ ከነፃ ትምህርት በስተቀር የሚደርሳቸው አልነበረም። ወደ አሰልጣኝ ሲመጣ ግን፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት፣ እንዳይሠሩ ብቻ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሟል።

ተጫዋቾቹም በስተመጨረሻ ፍርድ ቤት ሄዱ። በጁን 2025 በጸደቀው የስምምነት ፍርድ መሠረት ላለፈው 2.8 ቢሊዮን ዶላር ይከፈላል፤ ከዚያው ዓመት ጁላይ ጀምሮም አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በቀጥታ ለተጫዋቾቹ ማካፈል ተፈቀደለት። ፍትሕ ነው፤ ግን ወጪም ነው። ከቢግ ቴንና ከኤስኢሲ ውጭ ያለ ዩኒቨርሲቲ ያንን ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ ማሰብ ጀምሯል።

ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ይህን ሒሳብ ቀድመው ሠርተውታል። የኤሲሲ አባላት የስርጭት መብታቸውን እስከ 2036 ለኮንፈረንሱ አሳልፈው ሰጥተዋል፤ የሚወጣ አባል ቡድኑን እንጂ ጨዋታዎቹን ይዞ አይሄድም ነበር። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ውል ለማስፈረስ ከሰሱና በማርች 2025 ታረቁ። በዕርቁ መሠረት ብዙ ተመልካች ያለው ቡድን ብዙ ገንዘብ ይወስዳል፤ የመውጫው ክፍያም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ በ2030 እና 2031 መካከል 75 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። የቢግ ቴን ውል በ2030፣ የቢግ-12 ውል በ2031 ያበቃል።